ውዳሴ ለብራና ሠዓልያን

እናንተ የፍየልን ቆዳ ፍቃችሁ ብራና ያደረጋችሁ፣ በብራናውም ላይ መላእክትን ያሰፈራችሁ፣ ፈረሰኞችን ያስጋለባችሁ፤ እናንተ የእመቤታችን ስም በቀይ ቀለም በተጻፈበት ቅጠል ላይ የራሳችሁን ስም በጥቁሩም እንኳ ያላሰፈራችሁ፤ በጣና ደሴቶች፣ በጎንደር አድባራት፣ በላስታና በትግራይ አምባዎች፣ በሸዋ ገዳማት ጎንበስ ብላችሁ ዘመናችሁን የፈጃችሁ አባቶቻችን ሠዓልያን ሆይ፤ የዛሬው ውዳሴ ለእናንተ ይሁን። ጻድቁን ስታስወድሱ፣ ሰማዕቱን ስታስመሰግኑ ኖራችኋል፤ ተራው አንድ ጊዜ ወደ እናንተ ይዙር።

የቀለማችሁን ማማር ያወደሱ ብዙዎች ናቸው። ስለ ቢጫችሁ ሙቀት፣ ስለ ሰማያዊያችሁ ጥልቀት፣ በቅጠሉ ራስ ላይ ስለምትጎነጉኑት ሐረግ ዐዋቂዎች ጽፈዋል፤ ደግ አደረጉ። እኔ የመጣሁት ሌላ ምስጋና ይዤ ነው፤ አንዱን ፊት ሺህ ጊዜ ስለ ሣላችሁ። በጎንደር ያለው ጊዮርጊስ በሸዋም ያው ነው፤ ነጭ ፈረሱ ያው፣ ጦሩ ያው፣ ከኮቴው ሥር የሚጠማዘዘው ዘንዶ ያው፣ ዳር ቆማ የምትጠብቀው የቤሩቷ ልጃገረድ ብሩታዊት ያችው። ይህን የፈጠራ ድህነት ነው ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ከሥራችሁ ሁሉ የበላይ አድርጌ አከብረዋለሁ፤ ምክንያቱም ፊደል ያልቆጠረው ምእመን ሥዕሉን እንዳየ «ይህ ማን ነው?» ብሎ አይቸገርም፤ «አሁን ምን ሊያደርግ ነው?» ወደሚለው ጥያቄ በአንድ እርምጃ ይሻገራል። ታሪክ ደግሞ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሕጋችሁ አጭር ናት፤ ሕፃን በአንድ ቀን ይማራታል። ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ ይመልሳል፤ ሁለት ዐይኖቹም ሙሉ ሆነው ያዩናል። ኃጥእ ጎኑን ይሰጠናል፤ ያለውም አንድ ዐይን ብቻ ነው። በምሴተ ሐሙስ ማዕድ ዙሪያ ከተቀመጡት መካከል ይሁዳን ለመለየት መምህር አያስፈልግም፤ ዐይን መቁጠር ይበቃል። የሚገርፉት፣ የሾህ አክሊል የሚያቀዳጁት፣ በስተጥጉ የሚያደባው ሰይጣን፣ ሁሉም የአንድ ዐይን ወገን ናቸው። ጻድቁ ያየናል፤ ኃጥኡ ሊያየን አይደፍርም። እኛም ሥዕሉ ፊት ስንቆም ከየትኛው ወገን እንደሆንን ሳንጠየቅ እንጠየቃለን።

ከዚያ ወገን አንዱ ግን ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። ጌታን በጦር የወጋው ለንጊኖስ አንድ ዐይኑ የታወረ ነበር ይላል ትውፊታችን፤ ከተወጋው ጎን የፈሰሰው ደም ነክቶት በራለት። እንግዲህ በእናንተ ሕግ መዳን ማለት ሁለተኛ ዐይን ማግኘት ነው! ይህን የሚያህል ትምህርተ መለኮት በአንዲት የብሌን ነጥብ ያሳደረ ሌላ ሠዓሊ ካለ ይምጣና እንወቀው።

ደግሞም ሕጋችሁ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወጥታ ጦር ሜዳ ወርዳለች። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የሆነውን የሣሉ ልጆቻችሁ በብዙዎቹ ሥዕሎቻቸው የኢትዮጵያን ሠራዊት ፊቱን አሳይተው፣ የጣልያንን ወገን በጎኑ አቁመው ሣሉት። ምኒልክ ከዘውዳቸው ጋር፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ ሆነው፣ ከላይም ጊዮርጊስ በአረንጓዴ፣ ብጫና ቀይ ብርሃን ተከቦ። ዘንዶውን የወጋበት ክንዱ ሳይለወጥ መድፍ ወዳለበት ዘመን ተሻገረ። የጥንቱን ፊት ለአዲስ ታሪክ ማዋስ እንዲህ ነው።

ስለ ምልክቶቻችሁም ልናገር። መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ይመጣል፤ ከሥሩ ከሃዲው ንጉሥ ዑልያኖስ ይወድቃል። ገብረ መንፈስ ቅዱስ ጠጕሩን ለብሶ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ይቆማል፤ ወፊቱም ከዐይኑ ዕንባ ትጠጣለች። ተክለ ሃይማኖት ክንፍ አላቸው፤ በጸሎት ብዛት የተቆረጠችው እግራቸውም ከአጠገባቸው ናት። አቡነ አረጋዊ ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጡት በዘንዶ ነው። ያሬድ ሲዘምር የንጉሥ ገብረ መስቀል ጦር እግሩ ላይ ተተክሏል፤ ዘማሪውም አልተሰማው፣ ንጉሡም አላወቀ፣ ሁለቱም ዜማው ወስዷቸዋል። በእነዚህ ምልክቶች ግድግዳው ሁሉ ፊደል ሆነ። ከሥዕሉም ራስ ላይ «ዘከመ» ብላችሁ የምትጀምሩት አጭር ጽሑፍ አለ፤ እንዴት እንደወጋው፣ እንዴት እንደተገለጠችለት፣ እንዴት እንዳረገ በአንድ መስመር የምትነግር። እሷ ለደብተራው ናት፤ ምልክቱ ግን ለሁላችን።

አሁን ወደ ታላቁ መጽሐፋችሁ ልምጣ። ተአምረ ማርያም በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ በ14ኛው ምእት ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መባቻ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመለሰ፤ ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደግሞ የእመቤታችንን 33 በዓላት ደንግገው ተአምሯ በየጊዜው እንዲነበብ አዘዙ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ መጽሐፍ ተዘግቶ አይጨረስም። በየሰንበቱ፣ በየበዓሉ እየተከፈለ ይነበባል፤ ያለቀ ሲመስል ዓመቱ ይዞርና እንደገና ይጀምራል። በውስጡ የሚመላለሱት ሰዎችም የታወቁ ናቸው፤ የረሳ መነኩሴ፣ የሰረቀ ሌባ፣ የከዳ ዲያቆን፣ ልጇን ያጣች እናት፣ ባሕር የያዘው መርከበኛ። ቦታው ሮም ይሁን ግብፅ፣ ሰውየው ባለጠጋ ይሁን ለማኝ፣ ጭንቅ ይመጣል፤ ስሟ ይጠራል፤ እጇ ይዘረጋል። ሰሚው መጨረሻውን ያውቀዋል። ያውቀዋልና ይናፍቀዋል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ የቅምሩ ሰው በላዔ ሰብእ ነው። ሚስቱንና ልጆቹን ጭምር 78 ነፍስ የበላ ሰው! ይህን ያህል ጥፋት በአንድ ሰው ላይ የጫነ ተራኪ ማምለጫ በር መተው የለበትም፤ የእኛ ግን አንድ ጥርኝ ውኃ ተወ። በላዔ ሰብእ በመንገድ ላይ ላገኘው ድውይ ለማኝ ስለ ማርያም ስም ጥርኝ ውኃ አጠጣ። በፍርዱም ቀን በሚዛኑ አንድ ወገን 78 ነፍስ፣ በሌላው ያች ውኃ ተቀመጠች፤ እመቤታችንም ጥላዋን ጣለችባት፤ ውኃይቱም መዘነች። ይህንን እናንተ ስትሥሉት ሚዛኑን ከመካከል ታቆሙታላችሁ። ስለ ምሕረት ብዙ መጽሐፍ ተጽፏል፤ በልባችን የቀረው ግን የሚዛኑ ሥዕል ነው። በየካቲት 16 ኪዳነ ምሕረትን የሚያከብር ሁሉ ያን ሚዛን ዐይኑን ጨፍኖ ያየዋል።

ደቅስዮስንም አንርሳ። የጥልጥልያው ጳጳስ ተአምሯን ሰብስቦ በመጽሐፍ ስላኖረ ልብስና ወንበር ከእጇ ተቀበለ፤ ከእሱ በኋላ ደፍሮ በወንበሩ የተቀመጠው ግን ወድቆ ሞተ። ለጸሐፊ ይህን ያህል ክብር የሰጠ ትረካ ሠዓሊውን ምን ሊሰጠው ነበር? ያ ሳይጻፍ ቀረ፤ እኔም እዚህ የማጉረመርመው ስለዚያ ነው።

ይህን ውዳሴ የምጽፈው በልደታ ማርያም ደጅ ነው። ሰፈሩም ክፍለ ከተማውም ስሙን የወሰደው ከዚህች ደብር ነው፤ የጭቃ ቤቶቹ ፈርሰው ኮንዶሚኒየሙ ቆሟል፣ ባቡሩ በላይ ያልፋል፣ የፍርድ ቤቱ ባለጉዳይ ፋይሉን ይዞ ይሮጣል፤ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ግን ነጠላው መንገዱን ይሞላዋል። ግንቦት 1 ሲሆን ደግሞ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ዳቦው ይቆረሳል፤ ሐና ልጇን የወለደቻት ከቤት ወጥታ በሊባኖስ ተራራ ነው ስለሚባል እናቶች በዓሉን ከደጅ፣ ከዛፍ ሥር ያከብሩታል። የዚህ በዓል ታሪክ ራሱ ለእናንተ ብሩሽ የተፈጠረ ነው። ጴጥሪቃና ቴክታ የሚባሉ ባልና ሚስት ባለጠጎች ነበሩ፤ ልጅ ግን አልነበራቸውም። በሕልም ነጭ ጥጃ አዩ፤ ጥጃይቱ ጥጃ ወለደች፤ ያችም ሌላ፤ እንዲህ ትውልድ ትውልድን ሲተካ ቆይቶ በመጨረሻ ጨረቃ ተወለደች፣ ከጨረቃም ፀሐይ ወጣ። ጥጆቹ እስከ ሐና የሚወርዱት ሴቶች ልጆች ናቸው፤ ጨረቃዋ ማርያም፣ ፀሐዩ ክርስቶስ። አንድን ምስል ጥቂት በጥቂት እየለወጡ እስከ ብርሃን ማድረስ! ይህን ሕልም ያየ ሰው ሠዓሊ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ሰዎቻችሁ ይህን ካልሁ፣ ስለ አቀራረባችሁ ደግሞ ልበል፤ እዚህም የምትደነቁ ናችሁና። አንዱ ጥራዝ ነው፤ በገበታ ታስሮ፣ ማኅደር ገብቶ፣ በግድግዳ ችካል ላይ የሚሰቀለው፤ ካህኑም በትከሻው አንግቶት አገር የሚያቋርጠው። ሁለተኛው ሰንሱል ነው፤ አንዱ ረጅም ብራና ታጥፎ ታጥፎ በመዳፍ የሚያዝ፣ ሲዘረጋ ግን ቅዱሳኑ በተርታ ቆመው የሚቀበሉን። ሦስተኛው ሸማ ነው፤ ተሥሎ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው፤ በበሮቹ ግራና ቀኝ ሊቃነ መላእክት ሰይፍ መዘው የሚቆሙበት። ከእነዚህ ሁሉ የሚያስገርመኝ ግን የጸሎት ክታብ ነው። ብራናው ተቀጣጥሎ የባለቤቱን ቁመት እንዲያህል ይደረጋል፤ በጸሎቱም መካከል የባለቤቱ የክርስትና ስም እየተመላለሰ ይገባል፤ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረሱ ላይ ሆኖ ርኩሲቱን ውርዝልያን ይወጋል፤ ትልልቅ ዐይኖችም ከመረቡ መካከል ያፈጣሉ። ሊቃውንቱ በክታቡ ውስጥ የሚቆጡባቸው ነገሮች እንዳሉ ዐውቃለሁ፤ ያን ክርክር ለእነሱ ትቻለሁ። እኔን የሚደንቀኝ ግን ይህ ነው፦ ለአንድ ሰው ብቻ፣ በአንድ ሰው ልክ፣ በአንድ ሰው ስም የተዘጋጀ ባለ ሥዕል መጽሐፍ በየትኛው አገር ነበር?

ኋላም በአዲስ አበባ ዘመን ልጆቻችሁ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ 44 አድርገው ከፈሉት። ትናንሾቹ አራት ማዕዘኖች በተርታ ተሰልፈው፣ መጀመሪያ የዘንዶውን የዐርዌን ሞት፣ ከዚያ የነጋዴውን ወሬ፣ የኢየሩሳሌሙን ጉዞ፣ ቅመም የበዛበትን ማዕድና በሌሊት የተጠጣችውን ውኃ፣ የቀዳማዊ ምኒልክን መወለድ፣ የታቦተ ጽዮንን መምጣት ይናገራሉ። ንግሥቲቱ በእያንዳንዱ ክፍል ያችው ናት፤ በልብሷና በዘውዷ እናውቃታለን። ይህን ሸራ የገዛ እንግዳ አማርኛ ሳያውቅ አንብቦት ሄዷል።

በባሕር ማዶ፣ በፀሐይ መውጫ፣ ወንድሞች አሏችሁ። ጃፓኖች ከጥንት ጀምሮ ከቀኝ ወደ ግራ የሚዘረጋ ባለ ሥዕል ጥቅልል ነበራቸው፤ ከዚያም ዛሬ ዓለም ማንጋ ብሎ የሚያውቀውን ጥበብ አበጁ። ቴዙካ ኦሳሙ የሚባለው ሊቃቸው (1928–1989 እ.ኤ.አ.) ሰዎቹን እንደ ቲያትር ተዋንያን ይቆጥራቸው ነበር፤ ሂጌኦያጂ የተባለው ባለ ጢም ሽማግሌ በአንዱ ታሪክ አስተማሪ ሆኖ ይመጣል፣ በሌላው ወንጀል መርማሪ፤ አንባቢው ግን ጢሙን ሲያይ ደስ ይለዋል። ጊዮርጊስ ከቤሩት ወደ ዐድዋ ሲሻገር የሆነው ይኸው አይደለምን? የኋለኞቹም ሰዎቻቸው የታወቁ ናቸው። ሆዱ የማይጠግብ፣ ልቡ የማይፈራ፣ ወድቆ የሚነሣ ልጅ አለ፤ ጎኩ ነው፣ ሉፊ ነው፣ ናሩቶ ነው። ከአጠገቡ ዝምተኛና ኩሩ ባላንጣ ይቆማል፤ ከኋላው እያላገጠ የሚያስተምር ሽማግሌ። ባላንጣው ከብዙ ጠብ በኋላ ወዳጅ ሲሆን የልደታ ኮንዶሚኒየም ልጅ በስልኩ ላይ ዐይኑ ዕንባ ያቀርራል፤ ለንጊኖስን የምታውቅ አያቱ ብታየው አትገረምም።

አቀራረባቸውም እንደ እናንተ ልዩ ልዩ ነው። ሃሴጋዋ ማቺኮ የተባለች ሠዓሊት ሳዛዬ-ሳን የተባለችውን የቤት እመቤት ከ1946 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. በአራት አራት ክፍል ብቻ ለጋዜጣ አንባቢ አቀረበች፤ አራተኛው ላይ ሳቅ አለ። በ1968 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሾነን ጃምፕ የተባለ መጽሔት ደግሞ ሳምንት በሳምንት፣ በርካሽ ወረቀት፣ ብዙ ታሪኮችን በአንድ ላይ ጠርዞ ይወጣል፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ከአንድ እትሙ 6.53 ሚሊዮን ቅጂ እስከ መታተም ደርሷል። ተነብቦ ይጣላል፤ የተወደደው ታሪክ ግን ተለይቶ ታንኮቦን በሚሉት ትንሽ መጽሐፍ ይሰበሰብና በመደርደሪያ ይኖራል። አንባቢውም ድምፅ እየሰጠ ይፈርዳል፤ ያልተወደደ ታሪክ ይቋረጣል። እዚህ ላይ ግን አባቶቼ ሆይ፣ ለእናንተ አደላለሁ። በላዔ ሰብእን በድምፅ ብዛት ያቆየው የለም፤ ስድስት መቶ ዓመት የቆየው ዓመቱ ሲዞር ስለሚጠራው ነው። በ6 ሚሊዮን ከታተመውና በአንድ ቅጂ ብቻ ከሚኖረው ክታብ የትኛው ከአንባቢው ሥጋ እንደሚቀርብ ደግሞ ሙግት አያስፈልገውም።

ሥራችሁ የተወደደ ስለሆነ ተዘረፈ። መቅደላ በ1868 እ.ኤ.አ. ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር ካጋዘው መካከል 350 ያህል የግእዝ መጻሕፍት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ሌዲ ሚውክስ የምትባል ባለጠጋ እንግሊዛዊት ደግሞ ባለ ሥዕል ተአምረ ማርያምና የሐናን ገድል በእጇ አኑራ ነበር፤ ሥዕሎቹን በቀለም አሳትማ ለዓለም አሳየች። በ1910 እ.ኤ.አ. ስትሞት መጻሕፍቷን ለዳግማዊ ምኒልክ ተናዘዘች፤ ኑዛዜው ግን ሳይፈጸም መጻሕፍቱ ተሸጡ። የሐና ገድል የልደታ ማርያም ርስት ነበር ብል ማን ይከሰኛል?

በደጃችንም ቢሆን ሁሉ ደኅና ነው አልልም። በበዓል ቀን በልደታ ቅጥር ዙሪያ የሚሸጡት ብዙዎቹ የታተሙ ሥዕሎች ጉንጫቸው ሮዝ፣ ጠጕራቸው ወርቅ፣ ዐይናቸው ወደ ጣራ የተሰቀለ ነው። ሰው በእምነት ይገዛቸዋል፤ በእምነቱ አልፈርድም። በሥዕሉ ግን እፈርዳለሁ፦ ያች ሴት ወደ ሰማይ ታያለች፤ የእናንተ ማርያም ምስለ ፍቁር ወልዳ ግን ወደ እኛ ታያለች። ሥሯ በሮም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ያለች ሥዕል እንደሆነች ይነገራል፤ ከባሕር ማዶ መጥታም በእጃችሁ ላይ እንዲህ ያለ ዐይን አገኘች። ከውጭ የመጣን ነገር መቀበል ምን ማለት እንደሆነ ያወቃችሁ እናንተ ናችሁ። ዛሬም ኢታን ኮሚክስ የተባለው አሳታሚ ጀምበርን የመሰለ ኢትዮጵያዊ ጀግና በባለ ክፍል ሥዕል ሲያወጣ፣ ልጆቹም በደብተራቸው ዳርቻ ትልልቅ ዐይን ያላቸውን ጃፓናዊ ተዋጊዎች ሲሥሉ፣ የሚከለክላቸው ካለ እናንተን ጠይቆ ይከልክል።

በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙን ትቶልን ሄዷል፤ ብሩክ ነው። የቀራችሁት ግን መታየቱን ላሠሯችሁ ሰጣችሁት። በጣና፣ በደቅ ደሴት፣ በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ተሥለዋል፤ ያሠሩት እሳቸው ናቸውና ይገባቸዋል። የሣለው እጅ ግን ከሥዕሉ ውስጥ የለም። ወይስ አለ? በሆሳዕና ሕዝብ መካከል ዘንባባ ከያዙት አንዱ፣ ወይም ከመስቀሉ ሥር ከቆሙት ሌላው እናንተ ትሆናላችሁን? ከዚያ ሁሉ ፊት መካከል የራሳችሁን ደብቃችሁ ከሆነ፣ አባቶቼ፣ በሁለት ዐይን ሣላችሁት ወይስ በአንድ?